ምዕራፍ 7፦ ማን ነው? የት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ 25 ሠራተኞች ያሉት አንድ የሥነ ሕንፃ ቢሮ እናስብ። ንድፎቹ፣ የደንበኞች ውሎችና የክፍያ ሰነዶች ሁሉ የሚቀመጡት ከራውተሩ አጠገብ ባለ፣ አራት ሃርድ ዲስክ በያዘ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው። የኔትወርክ ማከማቻ የሚባለው ይህ ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ከየኮምፒውተሩ ሆኖ የሚከፍተው የጋራ ፎልደር የሚኖርበት። ቢሮው ሥራ ሲጀምር ሠራተኞቹ አራት ነበሩና ለሁሉም የሚያገለግል አንድ የይለፍ ቃል ተሰጠ። ዛሬ ያንን ቃል 25 ሰው ያውቀዋል፤ ሥራ ለቀው የሄዱትም አልረሱትም። አንድ ማለዳ የጨረታ ሰነድ ጠፍቶ ቢገኝ፣ ማን እንዳጠፋው ለማወቅ መዝገቡ ሲገለጥ የሚገኘው አንድ ስም ብቻ ነው፤ ያም ስም የሁሉም ነው።

ቢሮው ሌላም ችግር አለበት። ሐዋሳ የግንባታ ቦታ ላይ ያለው መሐንዲስ የትናንቱን ንድፍ ይፈልጋል፤ ማከማቻው ግን ከቢሮው ውጭ የሚታወቅበት አድራሻ የለውም። ስለዚህ ንድፉ በቴሌግራም ይላክለታል። በማግሥቱ ይሻሻልና እንደገና ይላካል። ሳምንት ሳይሞላ የመጨረሻው የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚናገር ይጠፋል።

ሁለቱም ችግሮች በማከማቻው የማስተካከያ ገጽ ላይ መፍትሔ አላቸው። አንደኛው ዳይሬክተሪ ሰርቪስ ሲሆን፣ «የሚገባው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ሌላው ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ነው፤ «ማከማቻው የት ነው?» ለሚለው። ዳይናሚክ ዲኤንኤስን መክፈት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ውጤቱም ወዲያው ስለሚታይ ብዙ ጊዜ እሱ ይቀድማል። ዳይሬክተሪው ዝግጅት ስለሚጠይቅ ለነገ ይባላል። ይህ ምዕራፍ የሚሟገተው ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ ነው። የሚገባው ሰው ማንነት ሳይጣራ የቤቱን አድራሻ ለዓለም መንገር አደጋ አለው፤ አደጋውም ሰነዶቻቸውን ባጡ ሰዎች ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል።

መዝገቡ ከሣጥኑ ሲወጣ

ማንኛውም ማከማቻ ከፋብሪካው ሲወጣ የራሱ የተጠቃሚዎች መዝገብ አለው። በር ላይ የቆመ ዘበኛ የሚገቡትን ሰዎች በራሱ ደብተር እንደሚይዝ ማለት ነው። አንድ በር ብቻ ሲኖር ደብተሩ በቂ ነው። ሁለተኛ ማከማቻ ሲገዛ፣ የኢሜይል ሰርቨር ሲጨመር፣ ዋይፋዩም በየሰው ስም እንዲሆን ሲፈለግ ግን ደብተሮቹ ይበዛሉ። ሥራ የለቀቀው ሰው ከአንዱ ይሰረዝና በሌላው ተረስቶ ይቀራል። ዳይሬክተሪ ማለት ደብተሮቹን ሁሉ የሚተካ አንድ ማዕከላዊ መዝገብ ነው፤ ማከማቻው ሰው ሲመጣበት ራሱ አይወስንም፣ መዝገቡን ይጠይቃል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ዓለም አቀፍ የቴሌኮምና የደረጃ ተቋማት ኤክስ 500 የተባለ የማውጫ ደረጃ አወጡ። ዓላማው ታላቅ ነበር፤ ነገር ግን ለዚያ ዘመን የግል ኮምፒውተሮች ከባድ ነበር። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረው ቲም ሃውስ ከስቲቭ ኪልና ከዌንጊክ ዮንግ ጋር ሆኖ፣ ያንኑ ማውጫ በቀላሉ ለመጠየቅ የሚያስችል ፕሮቶኮል አዘጋጀ፤ የመጀመሪያው ሰነድ በ1993 ወጣ። ዛሬ ኤልዳፕ የሚባለው እሱ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ደግሞ በ1983 በተጀመረው አቴና ፕሮጀክት ውስጥ ከርቤሮስ የተባለ የማንነት ማረጋገጫ ተወለደ። ማይክሮሶፍት በየካቲት 2000 ከዊንዶውስ 2000 ጋር ያወጣው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ኤልዳፕን፣ ከርቤሮስንና ዲኤንኤስን በአንድ ያጣመረ ነው። በቢሮ ቋንቋ «ዶሜይን» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ይህ ነው።

ማከማቻዎቹ ግን በአብዛኛው የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ታዲያ የዊንዶውስን ቋንቋ ከየት ተማሩ? በካንቤራ በሚገኘው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው አንድሩ ትሪጄል በ1991 መጨረሻ የጀመረው፣ በኋላ ሳምባ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው ያስተማራቸው። የማከማቻ አምራቾቹ የሲኖሎጂም የኪውናፕም ሣጥኖች የጋራ ፎልደራቸውን ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የሚያቀርቡት በሳምባ ነው። በታኅሣሥ 2012 የወጣው ሳምባ 4 ደግሞ አንድ ትልቅ እርምጃ ጨመረ፤ ሊኑክስ ራሱ ዶሜይን ኮንትሮለር፣ ማለትም የዶሜይኑ መዝገብ ያዥ፣ መሆን ቻለ። የዊንዶውስ ሰርቨር ፈቃድ መግዛት ለሚከብደው ባለ 25 ሰው ቢሮ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዳንድ ማከማቻዎች መዝገቡን ጠያቂ ብቻ ሳይሆኑ ራሳቸው መዝገብ ያዥ ሊሆኑ ይችላሉ።

ማከማቻው ዶሜይኑን ሲቀላቀል እንደ አንድ ሠራተኛ የራሱ አካውንትና የራሱ ሚስጥራዊ የይለፍ ቃል ይከፈትለታል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛዋ ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት የይለፍ ቃሏን የምታረጋግጠው ከዶሜይን ኮንትሮለሩ ጋር ነው። ኮንትሮለሩ ለማከማቻው የሚሆን የታሸገ ቲኬት ይሰጣታል፤ ማከማቻው ቲኬቱን በራሱ ሚስጥር ከፍቶ ማንነቷን ያረጋግጣል። የይለፍ ቃሏ ወደ ሣጥኑ አይሄድም። የከርቤሮስ ውበት እዚህ ላይ ነው፦ ሣጥኑ ቢሰረቅ እንኳ የሠራተኞቹ የይለፍ ቃላት በውስጡ ተጽፈው አይገኙም።

ዲኤንኤስና ሰዓት

«ዶሜይኑን መቀላቀል አልተቻለም» የሚል መልእክት ሲመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው የይለፍ ቃሉን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ማከማቻው ኮንትሮለሩን የሚያገኘው ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጠውን ዲኤንኤስን በመጠየቅ ነው፤ «የዚህ ዶሜይን ኮንትሮለር በየትኛው ማሽን፣ በየትኛው ፖርት ይገኛል?» ይላል። ይህን መልስ የሚያውቀው የቢሮው የውስጥ ዲኤንኤስ ብቻ ነው። የማከማቻው ዲኤንኤስ ቦታ ላይ የኢንተርኔት አቅራቢው ቁጥር ወይም የጉግል 8.8.8.8 ከተሞላ፣ የሚመጣው መልስ «እንዲህ ያለ ስም አላውቅም» ነው። ስለዚህ የሚሞላው የኮንትሮለሩ አድራሻ ነው።

ለጥንቃቄ ተብሎ 8.8.8.8ን ሁለተኛ አድርጎ መጨመርም መዘዝ አለው። የውስጡ ዲኤንኤስ ለቅጽበት ሲዘገይ ጥያቄው ወደ ውጭ ይሄዳል፣ ስሙ የለም ይባላል፣ የሠራተኛው ፎልደር አልከፈት ይላል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ራሱ ይድናል። አንዴ የሚታይ አንዴ የሚሰወር እንዲህ ያለ ብልሽት ለአይቲ ባለሙያ ከሁሉም ይከፋል። ሁለተኛ የሚያስፈልግ ከሆነ ሁለተኛ የውስጥ ዲኤንኤስ ማቆም ነው።

ቀጥሎ ሰዓት አለ። ከርቤሮስ የተሰረቀ ቲኬት በኋላ ተመልሶ እንዳይሠራ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ጊዜ ያትማል። በአክቲቭ ዳይሬክተሪ የተለመደው ገደብ 5 ደቂቃ ነው፤ የማከማቻው ሰዓት ከኮንትሮለሩ ከዚህ በላይ ከራቀ፣ ስሙም የይለፍ ቃሉም ልክ ሆኖ መግቢያው ይዘጋል። መብራት በተደጋጋሚ በሚሄድበት አካባቢ፣ የሰዓት ባትሪው የደከመ ሣጥን መብራት ሲመለስ የተሳሳተ ቀን ይዞ ሊነሳ ይችላል። በእጅ ማስተካከል ደግሞ በእኛ አገር የራሱ ወጥመድ አለው፤ ጠዋት በ3 ሰዓት ተቀምጦ 3 ቁጥርን የሚሞላ ሰው ሣጥኑን ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይወስደዋል። የሰዓት ቀጠናውም መታየት አለበት፤ ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ትቀድማለች፤ ቀጠናው ከተሳሳተ በገጹ ላይ ልክ የሚመስለው ሰዓት ለከርቤሮስ ስሕተት ነው። መፍትሔው ሰዓቱን ለሰው እጅ አለመተው ነው። ዴቪድ ሚልስ በ1985 የነደፈው ኤንቲፒ የተባለው ፕሮቶኮል ለዚህ የተሠራ ነው፤ ማከማቻው ሰዓቱን ከዚያው ከኮንትሮለሩ እንዲወስድ ይደረግ።

ስሞችና ቡድኖች

በመደበኛው የኤልዳፕ አደረጃጀት ለአንድ ሰው የቤተሰብ ስም መሙላት ግዴታ ነው፤ ባዶ ከሆነ መዝገቡ አይቀበልም። ሥርዓቱን የነደፉት ሰዎች የቤተሰብ ስም በሚወርስ ማኅበረሰብ ውስጥ ያደጉ ነበሩ። የኢትዮጵያ ቢሮ በዚያ ቦታ የአባት ስም ይሞላል፤ ችግር የለውም፣ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ። የሚያስቸግረው አንዱ የአባት፣ ሌላው የአያት ስም ሲሞላ ነው። ያኔ ዝርዝሩ ሲደረደር ማንም የሚፈልገውን አያገኝም።

የመግቢያ ስም ላይም ሕግ ያስፈልጋል። በአክቲቭ ዳይሬክተሪ የቆየው ዓይነት የመግቢያ ስም ከ20 ፊደል አይበልጥም፤ «ገብረመድኅን ነጥብ ወልደጊዮርጊስ» በላቲን ሲጻፍ ይህን ያልፋል። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል በስንት መልክ እንደሚጻፍ ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ቢሮው አጻጻፉን አንድ ጊዜ ይወስን፤ ለምሳሌ የራስ ስም በሙሉ ከአባት ስም የመጀመሪያ ፊደል ጋር። ሁለት አበበ ከበደዎች ሲመጡ ቁጥር ይጨመር፣ የለቀቀ ሰው ስምም ለአዲስ ሰው አይሰጥ። ለሣጥኑ ራሱም ስም ሲወጣ ከ15 ፊደል እንዳያልፍ ይሁን፤ የድሮው የዊንዶውስ ስም አሰጣጥ ገደብ ዛሬም አለ።

ዋናው ሥራ ግን ፈቃድ ነው። ፎልደርን ለሰው መፍቀድ ቀላል ይመስላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ማን ምን እንደተፈቀደለት የሚያውቅ አይኖርም። የሚያዋጣው ለቡድን መፍቀድ ነው፦ ንድፍ የሚያነቡ፣ ንድፍ የሚያርሙ፣ ሒሳብ የሚያዩ። አዲሷ ሠራተኛ ስትመጣ ከቡድኑ ትጨመራለች፤ ክፍል ስትቀይር ከአንዱ ወጥታ ወደ ሌላው ትገባለች፤ ፎልደሩን የሚነካ የለም። ሰው ሥራ ሲለቅ አካውንቱ ወዲያው ሳይሰረዝ ይታገዳል፤ የሠራው ፋይል ባለቤት እንዲታወቅ። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር አይረሳ፤ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ የከርቤሮስ ቲኬት የተለመደ ዕድሜ 10 ሰዓት ነው። ጠዋት የገባ ሰው ቀትር ላይ ቢታገድ የያዘው ቲኬት ለጊዜው ሊያገለግለው ይችላልና በማከማቻው ላይ ያለው ግንኙነትም መቋረጥ አለበት።

አክቲቭ ዳይሬክተሪን ትቶ ኤልዳፕን ብቻ ለሚጠቀም ቢሮ ሁለት ማሳሰቢያ አለ። የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የጋራ ፎልደር ሲከፍቱ የሚጠይቁት የይለፍ ቃል ቅርጽ በተራ የኤልዳፕ መዝገብ ውስጥ የለም፤ መዝገቡ የሳምባን ተጨማሪ ሰንጠረዥ መያዝ አለበት። አንዳንድ ማከማቻ በምትኩ «የይለፍ ቃል ሳይመሰጠር ይላክ» የሚል ምርጫ ያቀርባል፤ ይህ መቼም መመረጥ የለበትም። ከመዝገቡ ጋር የሚደረገው ንግግርም እንዲሁ ነው፤ በፖርት 389 ያለ ምስጠራ የሚሄድ የይለፍ ቃል በኔትወርኩ ላይ ላደፈጠ ሁሉ ይነበባል፤ ፖርት 636 ወይም የተመሰጠረው የ389 መንገድ ይመረጥ።

በመጨረሻም አንድ የሣጥኑ የራሱ አስተዳዳሪ አካውንት፣ ረጅም የይለፍ ቃል ተደርጎለት፣ ከዶሜይኑ ውጭ ይቀመጥ። ኮንትሮለሩ የተበላሸ ቀን ወደ ሣጥኑ መግቢያው እሱ ብቻ ነው።

የሚለዋወጥ አድራሻ

አሁን የሐዋሳው መሐንዲስ ተራ ነው። ኢንተርኔት የሚጓዘው በቁጥር ነው፤ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 የነደፈው ነው። ያኔ ኮምፒውተር ቦታውን አይለቅም ነበርና ስሙና ቁጥሩ አንዴ ከተጻፈ ለዓመታት ይጸና ነበር። የቢሮ ራውተር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የውሰት ቁጥር ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ ሌላ ቁጥር ይዞ ሊነሳ ይችላል። ትናንት የተሰጠው አድራሻ ዛሬ የሌላ ሰው ቤት ይሆናል።

በሚያዝያ 1997 የወጣ ደረጃ የዲኤንኤስ መዝገብ በራሱ በማሽኑ ጥያቄ እንዲታደስ ፈቀደ። ዶሜይን የተቀላቀለ ማሽን በውስጥ ዲኤንኤስ ላይ ስሙን የሚያስመዘግበው በዚህ መንገድ ነው፤ ለማስመዝገብም በከርቤሮስ ማንነቱን ያረጋግጣል። ለውጭው ዓለም ደግሞ በ1998 በማሳቹሴትስ የዎስተር ፖሊቴክኒክ ተማሪዎች የጀመሩት ዲንዲኤንኤስ የተባለው አገልግሎት ቀለል ያለ ዘዴ አስፋፋ። ማከማቻው ወይም ራውተሩ አድራሻው መቀየሩን ሲያይ ለአገልግሎት ሰጪው በስሙና በሚስጥሩ አጭር የድር ጥያቄ ይልካል፤ አገልግሎት ሰጪው መዝገቡን ያድሳል። የመዝገቡ ዕድሜ እንደ 60 ሰከንድ ያለ አጭር ጊዜ ስለሆነ፣ አሮጌው ቁጥር በሌሎች ዘንድ ብዙ አይቆይም።

ስሙን ከማን እንደሚወስዱ ማሰብ ተገቢ ነው። ዲንዲኤንኤስ ነፃውን አገልግሎት ግንቦት 7 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. አቆመ፤ በነፃ ስሙ ይጠቀም የነበረ ሁሉ መክፈል ወይም ሌላ ፍለጋ መሄድ ነበረበት። በዚያው ዓመት ሰኔ 30 ማይክሮሶፍት አጥፊ ሶፍትዌሮችን ለመከላከል ብሎ ኖአይፒ የተባለውን ሌላ አገልግሎት ሰጪ ከ20 በላይ የኢንተርኔት ዶሜይኖች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቆጣጠረ፤ ነገሩ በቀናት ውስጥ ቢስተካከልም ምንም ያላጠፉ ተጠቃሚዎች ስማቸው ሥራ አቁሞባቸው ነበር። እንዲህ ካለው የሚያድነው የራስ የኢንተርኔት ዶሜይን መግዛትና በሥሩ ያለውን አንድ ስም ወደ ዳይናሚኩ ስም እንዲያመላክት ማድረግ ነው። አገልግሎት ሰጪው ቢቀየርም መሐንዲሱ የሚያውቀው ስም አይለወጥም።

ሁሉም ተሞልቶ የማይሠራበት አንድ የተለመደ ምክንያት አለ። የተለመደው ዓይነት የኢንተርኔት ቁጥሮች ከ4.3 ቢሊዮን አይበልጡም፤ የመጨረሻዎቹ ትልልቅ ክፍሎች ለየአህጉሩ መዝጋቢዎች የታደሉት የካቲት 3 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ አንዳንድ አቅራቢዎች አንድ ቁጥር ለብዙ ደንበኞች ያካፍላሉ። ማጣራቱ ቀላል ነው፦ በራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየው የውጭ አድራሻና «አድራሻዬ ስንት ነው» የሚል የኢንተርኔት ገጽ የሚያሳየው ይነጻጸሩ። የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱ ካልተመሳሰሉ፣ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ ብቻውን አይረዳም። ለቢሮው ብቻ የሚሆን የውጭ አድራሻ ከአቅራቢው መጠየቅ፣ ወይም ግንኙነቱን ከቢሮው ወደ ውጭ የሚጀምር ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የተመሰጠረ የግል መስመር) መጠቀም ያስፈልጋል።

ስሙ በወጣ ማግሥት

ዳይናሚክ ዲኤንኤስ በራሱ በር አይከፍትም። በሩን የሚከፍተው ከውጭ የመጣን ጥያቄ ወደ ሣጥኑ የሚያሳልፈው፣ በራውተሩ ላይ የሚሠራው ፖርት ማስተላለፍ ነው፤ ሁለቱ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ትንፋሽ ይሠራሉ። በነሐሴ 2014 ሲኖሎከር የተባለ አጋች ሶፍትዌር በኢንተርኔት ላይ የተጋለጡ የሲኖሎጂ ሣጥኖችን ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻ 0.6 ቢትኮይን ጠየቀ። የገባበት ቀዳዳ ግን በታኅሣሥ 2013 የተደፈነ ነበር፤ የተጠቁት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። በጥር 2022 ዴድቦልት የተባለ ሌላ አጋች ሶፍትዌር በኪውናፕ ሣጥኖች ላይ ተመሳሳይ ነገር ፈጽሞ 0.03 ቢትኮይን ጠየቀ፤ ኩባንያውም ተጠቃሚዎቹ ፖርት ማስተላለፉን እንዲዘጉ አሳሰበ። የፋይል መጋሪያው ፖርት 445 ደግሞ በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው አጋች ሶፍትዌር የተዛመተበት መንገድ ነው፤ እሱን ለኢንተርኔት የሚከፍት ምንም ምክንያት የለም።

ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው ብሎ መጽናናትም አያዋጣም። ለስሙ የምስጠራ ሰርተፊኬት ሲወሰድ፣ የሰርተፊኬት ሰጪዎች መዝገብ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ስሙም አብሮ ይወጣል። ሰርተፊኬቱ ራሱ አስፈላጊ ነው፤ መሐንዲሱ የሚያነጋግረው የቢሮውን ሣጥን እንጂ አስመሳይን እንዳልሆነ ያረጋግጥለታል። ሚስጥር ጠባቂ ግን አይደለም።

ስለዚህ ለቢሮው የሚመከረው ስሙ ወደ ቪፒኤን እንዲያመራ ነው። በራውተሩ ላይ የሚከፈተው አንድ የቪፒኤን ፖርት ብቻ ይሆናል። መሐንዲሱ መጀመሪያ በቪፒኤኑ ማንነቱን ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ቢሮ ውስጥ እንዳለ ሆኖ የውስጡን ዲኤንኤስ ይጠይቃል፣ ፎልደሩንም በዶሜይን አካውንቱ ይከፍታል። ቪፒኤኑም ተጠቃሚዎቹን ከዚያው ከአንዱ መዝገብ ካረጋገጠ፣ ሥራ የለቀቀ ሰው ሲታገድ የሐዋሳውም የአዲስ አበባውም በር አብሮ ይዘጋበታል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ሰዓቱ ከኮንትሮለሩ ጋር ይስተካከል፤ ዲኤንኤሱ ወደ ውስጥ ይዙር፤ ማከማቻው ዶሜይኑን ይቀላቀል፤ ቡድኖች ይፈጠሩና ፈቃድ ለእነሱ ይሰጥ፤ የጋራው የይለፍ ቃል ይሰረዝ። የሣጥኑ ሶፍትዌር ይታደስ፤ ከሣጥኑ ውጭ የሚቀመጥ ባክአፕ ይኑር። ዳይናሚክ ዲኤንኤስና ቪፒኤን የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ፍተሻው ከቢሮው ዋይፋይ ሳይሆን ከስልክ ዳታ ይደረግ፤ ብዙ ራውተር ከውስጥ ሆኖ የውጩን ስም ሲጠሩት በትክክል ስለማይመልስ ውጤቱ ያሳስታል። መጀመሪያ ራውተሩ ጠፍቶ ይብራና አድራሻው ሲቀየር ስሙ አዲሱን ቁጥር እስኪይዝ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ይታይ። ቀጥሎ አንድ የሙከራ አካውንት ይከፈት፣ በቪፒኤን ገብቶ ፎልደር ይክፈት፤ ከዚያ በዳይሬክተሪው ላይ ይታገድ፣ ያለው ግንኙነትም ይቋረጥ። ያው አካውንት ከስልኩ እንደገና ሲሞክር ቪፒኤኑም ፎልደሩም ካልተቀበሉት፣ መሐንዲሱ ስሙን ሊቀበል ይችላል።